ብዙ ፎቶ በአንድ ትእዛዝ፦ ከሰርግ አልበም እስከ ዲቪ ፎቶ

ጥር 18 ቀን 2017 የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ከሁለት ካሜራና ከሦስት ስልክ የተሰበሰበው ፎቶ ሲቆጠር 1,140 ሆነ። አንዱ በአማካይ 9 ሜጋባይት ነው፤ ጠቅላላው ከ10 ጊጋ በላይ። ዋሺንግተን ያሉት ዘመዶች በማግስቱ «ፎቶስ?» ማለት ጀመሩ። 10 ጊጋ በቤታችን ኢንተርኔት መላክ አይታሰብም። እያንዳንዱን ከፍቶ፣ አሳንሶ፣ ሴቭ አድርጎ መዝጋት ደግሞ፣ አንዱ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ እንኳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተቀምጦ መዋል ነው። እኔ አንድ መስመር ጻፍኩና ኢንተር ተጫንኩ። ቡናው ተቆልቶ አቦሉ ሲቀዳ ሥራው በአብዛኛው አልቆ ነበር፤ የቀሩትን ያችኑ መስመር ደግሜ ስጨምር 1,140ው ፎቶ 600 ሜጋባይት ገደማ ሆነ።

ያቺን መስመር ነው ዛሬ የማሳያችሁ። ከእሷ በፊትና በኋላ የሚሠሩትንም ጭምር፤ ምክንያቱም ፎቶ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትእዛዞቹን በራሳችን ፊደል፣ እንደሚነበቡት አድርጌ ነው የማስቀምጣቸው፤ ለወንድሜ በስልክ ሳስጽፈው እንደማደርገው። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፉታላችሁ። ምልክቶቹና ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ይገለበጣሉ፤ ሰረዙ፣ ኮከቡ፣ ነጥቡ፣ ጥቅሱ፣ ሁሉም። የሚያሳስተውን ቃል ፊደል በፊደል እነግራችኋለሁ። ለየት አድርጌ ካልተናገርኩ ሁሉም በትንሹ ፊደል ነው። በቃላት መካከል ስፔስ ያደረግሁበት ቦታ እናንተም ስፔስ ታደርጋላችሁ፣ ያላደረግሁበት ላይ አትጨምሩም።

መሣሪያው ኢሜጅማጂክ ይባላል። ጆን ክሪስቲ ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው ነው፤ በ1990 ለሁሉም በነጻ ተለቀቀ። አሁንም ነጻ ነው። ክራክ ፍለጋ የለም። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እየሠራሁበት ነው።

ከሁሉም በፊት ዋናውን አስቀምጡ

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ትእዛዙ ጋ እንዳትሄዱ። እባካችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ይህንን መሣሪያ ገና በተማርኩበት ሰሞን፣ የአንድ ፋሲካ ፎቶዎችን በሙሉ ወደ 800 ፒክስል አሳነስኩ። ኮፒ አላደረግሁም። ሞግሪፋይ የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ሌላ ቦታ ካላሳያችሁት ፋይሉን እዚያው ላይ ይተካዋል፤ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ከሰባት ወር በኋላ አያቴ አረፈች። ለለቅሶው ትልቅ ፎቶዋን በፍሬም ማሠራት ፈለግን፤ ከሁሉም የምታምረው ያቺ የፋሲካዋ ነበረች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ። 800 ፒክስል በጥሩ የህትመት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም፣ ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ፍሬሙ 50 ሴንቲሜትር ነበር። ፊቷ ደብዝዞ ወጣ። ያ ፎቶ ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል፤ ሳየው አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከካሜራው የወጣውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ፤ ስሙ «ዋና» ይሁን። እሱን ወደ ውጪ ዲስክ ወይም ፍላሽ ኮፒ አድርጉና ነቅላችሁ አስቀምጡት። ነቅላችሁ ነው ያልኩት። ያልተሰካ ዲስክ ላይ ያለን ፎቶ የተሳሳተ ትእዛዝ አያገኘውም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ኮፒ ሠርታችሁ «ሥራ» በሉት። ከዚህ በኋላ የምንነካው «ሥራ»ን ብቻ ነው። የፎልደሮቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደልና ያለ ስፔስ ብትጽፉ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አትቸገሩም።

ኮፒ ስታደርጉ አንድ ወጥመድ አለ። ካሜራ ፎቶ የሚቆጥረው እስከ 9999 ነው፤ ከዚያ ወደ 0001 ይመለሳል። ሁለት ካርድ ወይም ሁለት ስልክ አንድ ፎልደር ውስጥ ስትገለብጡ ስሙ አንድ ዓይነት የሆነ ፎቶ ሊመጣ ይችላል። ኮምፒውተሩ «ልተካው?» ሲል «አዎ» ካላችሁ አንዱ ጠፋ። ስለዚህ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው ፎልደር ስጡት፤ ካሜራ1፣ ካሜራ2፣ ስልክ1 እያላችሁ። ስማቸውን ከለወጥን በኋላ እናቀላቅላቸዋለን።

መጫንና መክፈት

ኡቡንቱ ላይ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኢሜጅማጂክ

ማክ ላይ ሆምብሩ (ፕሮግራም መጫኛው መሣሪያ) ካላችሁ «ብሩ ኢንስቶል ኢሜጅማጂክ» በቂ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከራሱ ከኢሜጅማጂክ ድረ ገጽ መጫኛውን አውርዳችሁ እንደማንኛውም ፕሮግራም ትጭናላችሁ፤ ሲጠይቃችሁ ፓዝ ውስጥ ይጨመር የሚለው ላይ ምልክቱ መኖሩን እዩ።

ቀጥሎ ተርሚናሉን ከነፎልደሩ እንክፈት። ዊንዶውስ ላይ ፎልደሩን ከፍታችሁ ከላይ አድራሻው የተጻፈበት ቦታ ላይ «ሲኤምዲ» ብላችሁ ኢንተር ስትጫኑ ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ቆሞ ይከፈታል። ኡቡንቱ ላይ በራይት ክሊክ ይገኛል። ማክ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ «ሲዲ» ጽፋችሁ፣ ስፔስ አድርጋችሁ፣ ፎልደሩን በማውስ ጎትታችሁ መስኮቱ ላይ ልቀቁትና ኢንተር።

መጫኑን ለማረጋገጥ፦

ማጂክ -ቨርዥን

ማጂክ ሲጻፍ ኤም፣ ኤ፣ ጂ፣ አይ፣ ሲ፣ ኬ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኬ ብዙ ሰው ይረሳታል። ቁጥር ይዞ ከመለሰ ተጭኗል። «ትእዛዙ የለም» ካላችሁና ኡቡንቱ 22.04 ወይም 24.04 ከሆናችሁ አትደንግጡ፤ በአፕት የሚመጣው 6ኛው ቨርዥን ነው፣ ማጂክ የሚለው ቃል የመጣው ደግሞ በ7ኛው ነው። እናንተ ማጂክ የሚለውን ዘላችሁ ከሞግሪፋይ ትጀምራላችሁ። ማጂክ ብቻውን በቆመበት ቦታ ደግሞ «ኮንቨርት» ትላላችሁ። የዊንዶውስ ሰዎች ግን ኮንቨርት እንዳትሉ፤ ዊንዶውስ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ የዲስክ አሠራር የሚቀይር ሌላ ፕሮግራም አለ።

ሰዓቱን ማስተካከልና ስም መስጠት

እዚህ ላይ ለብቻው የሚጫን ሌላ መሣሪያ ያስፈልገናል፤ ኤግዚፍቱል፣ የፊል ሃርቪ ሥራ ነው። ኢ፣ ኤክስ፣ አይ፣ ኤፍ፣ ከዚያ ቱል፣ ሳይነጣጠል። እያንዳንዱ ፎቶ ሆዱ ውስጥ የተነሳበትን ሰዓት፣ የካሜራውን ዓይነት፣ ስልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቆማችሁበትን ቦታ ጭምር ይይዛል። ኤግዚፍቱል ያንን ያነባል፣ ያስተካክላል።

የእኛ አገር ፎቶዎች የራሳቸው ችግር አላቸው። የአንደኛው ካሜራ ባለቤት ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የተነሳው ፎቶ ካሜራው ላይ 04:00፣ ስልኩ ላይ ግን 10:00 ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱን በሰዓት ቅደም ተከተል ስንደረድር ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ አዳራሽ ገባች። መፍትሔው ስድስት ሰዓት መጨመር ነው፦

ኤግዚፍቱል -ኦልዴትስ+=6 ካሜራ2

ኦልዴትስ ኦል እና ዴትስ ተጣብቀው ነው። የመደመርና የእኩል ምልክቱ ተከታትለው ይመጣሉ፣ በመካከላቸው ስፔስ የለም። መጨረሻ ላይ ያለው የፎልደሩ ስም ነው። ሰዓቱ 20 ደቂቃ ብቻ የቀደመ ከሆነ ደግሞ «-=0:20» ብላችሁ ትቀንሳላችሁ። ኤግዚፍቱል ጠንቃቃ ነው፤ ከማስተካከሉ በፊት የነበረውን ፋይል «_ኦሪጅናል» የሚል ጭራ ቀጥሎበት አጠገቡ ያስቀምጠዋል።

ስንት ሰዓት እንደሚዛነፍ እንዴት ይታወቃል? ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምታውቁት አንድ ፎቶ ፈልጉ። እኔ አሁን ከሰርግ በፊት ሁሉም ካሜራ የአንድ ስልክን ሰዓት ፎቶ እንዲያነሳ አደርጋለሁ። አሥር ሴኮንድ ነው የሚፈጀው፤ በኋላ የሚያድነው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ስማቸውን በተነሱበት ቀንና ሰዓት እንቀይር። መጀመሪያ በሙከራ፦

ኤግዚፍቱል "-ቴስትኔም<ዴትታይምኦሪጅናል" -ዲ "%ዋይ%ኤም%ዲ_%ኤች%ኤም%ኤስ%%-ሲ.%%ኢ" ካሜራ2

ዋይ፣ ኤች፣ ሁለተኛው ኤምና ኤስ በትልቁ ፊደል ናቸው፤ የመጀመሪያው ኤምና የቀሩት በትንሹ። ትንሹ ኤም ወር ነው፣ ትልቁ ኤም ደቂቃ። ይህን ካምታታችሁ ፎቶዎቹ ሁሉ ቅደም ተከተላቸውን ያጣሉ። «%%-ሲ» የምትለዋ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ፎቶ ከተነሳ ቁጥር ትጨምርበታለች፣ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው። ቴስትኔም ምንም አይቀይርም፤ «ይህ ፋይል ይህን ስም ያገኝ ነበር» ብሎ ብቻ ይነግራችኋል። ዝርዝሩን አይታችሁ ደስ ካላችሁ ቴስትኔም የሚለውን ፋይልኔም በሚል ተክታችሁ ድገሙት። ለሁሉም ፎልደር እንዲሁ። ከዚያ ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ «ሥራ» አውጥታችሁ አንድ ላይ አድርጓቸው። አሁንም ስሙ አንድ የሆነ ከመጣ ሁለቱንም አስቀር በሉ።

ዋናዋ መስመር

«ሥራ» ፎልደር ላይ ቆማችሁ ውጤቱ የሚገባበትን ፎልደር ፍጠሩ፤ ኤም፣ ኬ፣ ዲ፣ አይ፣ አር ይጻፋል፦

ኤምኬዲር አውት

አውት ኦ፣ ዩ፣ ቲ ናት። ይህን አስቀድማችሁ ካልፈጠራችሁ ትእዛዙ ይከሽፋል፤ ፎልደሩን ራሱ አይሠራላችሁም። አሁን፦

ማጂክ ሞግሪፋይ -ፓዝ አውት -ኦቶ-ኦሪየንት -ሪሳይዝ "2048ኤክስ2048>" -ኳሊቲ 82 *.ጄፒጂ

ሞግሪፋይ ኤም፣ ኦ፣ ጂ፣ አር፣ አይ፣ ኤፍ፣ ዋይ ነው። ፓዝ ፒ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤች። ኦቶ-ኦሪየንት ኤ፣ ዩ፣ ቲ፣ ኦ፣ ሰረዝ፣ ኦ፣ አር፣ አይ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ። በሁለቱ 2048ዎች መካከል ያለችው ትንሿ ኤክስ ፊደል ናት።

ግን ቆይ፣ ገና ኢንተር አትጫኑ። አምስት ፎቶ መርጣችሁ «ሙከራ» የሚል ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጉና እዚያ ሞክሩት። የምትመርጡት ዝም ብሎ የመጀመሪያዎቹን አምስት አይደለም። አንድ አግድም፣ አንድ ቁም፣ አንድ በጨለማ የተነሳ፣ አንድ የስልክ፣ አንድ ደግሞ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ጎልቶ የሚታይበት ይሁን። አምስቱ ካማሩ ቀሪው 1,135ም ያምራል።

እያንዳንዷ ቃል ምን እንደምትሠራ ልንገራችሁ፤ ሳይገባን የምንገለብጠው ትእዛዝ አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል።

«-ፓዝ አውት» ከሁሉም የምትበልጠው ናት። ውጤቱን አውት ውስጥ አስገባ፣ ያለውን አትንካ ማለት ናት። የአያቴን ፎቶ ያሳጣችኝ የእሷ አለመኖር ነው።

«-ኦቶ-ኦሪየንት» የተጋደሙ ፎቶዎችን ታቆማለች። ስልክ በቁም ስታነሱ ምስሉን ብዙ ጊዜ በአግድም ያስቀምጥና «ሲታይ አዙሩት» የሚል ማስታወሻ ይጽፍበታል። ማስታወሻውን የማያነብ ፕሮግራም ላይ ሰው ሁሉ ተጋድሞ ይታያል። ይህች ቃል ምስሉን ራሱን ታዞረዋለች። ከሪሳይዝ በፊት ትምጣ፤ ሞግሪፋይ የተጻፈለትን በቅደም ተከተል ነው የሚሠራው።

«-ሪሳይዝ» ላይ ያለው ቁጥር ፎቶውን በግድ ካሬ አያደርገውም። 2048 በ2048 የሆነ ሳጥን አስቡ፤ ፎቶው ቅርጹን ሳይለቅ እዚያ ውስጥ እስኪገባ ይጠባል። አግድምም ሆነ ቁም በአንድ ትእዛዝ ይሄዳል። የይበልጣል ምልክቷ «ከዚህ የሚበልጠውን ብቻ አሳንስ» ናት፤ ከሌለች ትንንሾቹ ፎቶዎች ይለጠጡና ይደበዝዛሉ። ጥቅሱን አትርሱ። ያለ ጥቅስ ተርሚናሉ ምልክቷን «ውጤቱን ፋይል ላይ ጻፍ» ብሎ ነው የሚረዳት።

«-ኳሊቲ» 82 ለምን? ሞክሬው ነው። ከ90 በላይ ፋይሉ በጣም ያብጣል፣ ልዩነቱ ግን በስልክ ስክሪን ላይ አይታይም። ከ70 በታች ስወርድ ሰማዩና የነጠላው ነጭ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ብቅ ይላሉ።

የቀሚሱ ነገር ግን ለብቻው ነው። የሙሽራዋን እናት ፎቶ አጉልቼ ሳየው የጥለቱ ቀይ ክር ወደ ነጩ ፈሶ፣ ውኃ የነካው ቀለም መስሎ ነበር። ፊቷ ጥርት ብሏል፣ ጥለቱ ግን የለም። ምክንያቱ ጄፔግ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ብርሃኑን በሙሉ ይይዝና ቀለሙን ለአራት አራት ነጥብ በጋራ አንድ ጊዜ መመዝገቡ ነው። ለቆዳና ለግድግዳ አይታወቅም። ቀጭን ቀይና አረንጓዴ ክር ነጭ ላይ ሲሆን ግን ወዲያው ይታወቃል። ከኳሊቲ ቀጥሎ ይህን ጨምሩ፦

-ሳምፕሊንግ-ፋክተር 4:4:4

ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል። ጥለቱ ግን ክር በክር ይቆጠራል። ለሰርግ፣ ለጥምቀት፣ ሐበሻ ቀሚስ ለሚሸጥ ሰው ይህን ሳትጨምሩ ባትሠሩ እመክራለሁ።

ሙከራው ካማረ ወደ «ሥራ» ተመለሱና አሁን ኢንተር። ምንም ነገር አይጻፍም፤ ዝም ይላል። ዝምታው ሥራ ላይ ነኝ ማለቱ ነው። መብራት ቢሄድም ችግር የለም፤ አውት ውስጥ ያለውን አጥፍታችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ፣ ዋናዎቹ አልተነኩም።

ጎዶሎ ከወጣ

ሲያልቅ ቁጠሩ። ሊኑክስና ማክ ላይ «ኤልኤስ አውት | ደብሊውሲ -ኤል» ስትሉ ቁጥሩን ያመጣል፤ ዊንዶውስ ላይ «ዲር አውት» ብትሉ መጨረሻ ላይ ይጽፈዋል። ለእኔ 1,140 መሆን ሲገባው 812 ብቻ አለኝ። የቀሩት የት ሄዱ? ካሜራዎቹ የፋይሉን ጭራ በትልቁ ፊደል ነው የሚጽፉት፣ ሊኑክስ ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ጄፒጂ እንደ ሁለት የተለያየ ነገር ያያል። ትእዛዙን በትልቁ ፊደል ጄፒጂ ብዬ ደገምኩት፤ 271 ጨመረ። የቀሩት 57 የአይፎን ነበሩ፣ ኤች፣ ኢ፣ አይ፣ ሲ የሚል ጭራ ያላቸው። ለእነሱ «-ፎርማት ጄፒጂ» የሚለውን ከፓዝ አውት ቀጥሎ አስገብታችሁ መጨረሻውን «*.ሄይክ» ታደርጋላችሁ፣ በእነዚሁ አራት ፊደላት፣ ፋይሉ ላይ እንዳለው በትልቁ ወይም በትንሹ። የእናንተ ኢሜጅማጂክ ይህን ዓይነት ይከፍት እንደሆነ «ማጂክ -ሊስት ፎርማት» ብላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉት።

የቤታችሁ አድራሻ ፎቶው ውስጥ እንዳይሄድ

ስልክ ያነሳው ፎቶ ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ሊይዝ ይችላል። ቤት ውስጥ ያነሳችሁት ከሆነ የቤታችሁን በር ነው የሚያሳየው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩ ይህ መረጃ ይራገፋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ስትልኩ ግን አብሮ ይሄዳል። ቤታቸው ሆነው ዕቃ የሚሸጡ ብዙ ሴቶች ይህን አያውቁም፤ ንገሯቸው።

ኤግዚፍቱል -ኦቨርራይት_ኦሪጅናል -ጂፒኤስ:ኦል= አውት

ከእኩል ምልክቱ በኋላ ምንም የለም፤ ባዶ አድርገው ማለት ነው። ኢሜጅማጂክም «-ስትሪፕ» የሚል ቃል አለው፣ ሁሉንም ጠራርጎ ያወጣል። እኔ አልወደውም። ከመረጃው ጋር የቀለሙን መለያ ጭምር ስለሚጥለው የአዳዲስ አይፎን ፎቶዎች ደብዘዝ ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ከተጠቀማችሁበትም ከኦቶ-ኦሪየንት በኋላ ይሁን፤ የማዞሪያው ማስታወሻም አብሮ ነው የሚጠፋው።

በአማርኛ ስም ማተም

ፎቶግራፍ አንሺ ከሆናችሁ ጥግ ላይ ስማችሁን ትፈልጋላችሁ። ስሙን በአማርኛ በቀጥታ ትእዛዙ ውስጥ ብትጽፉት ብዙ ጊዜ ባዶ ሳጥኖች ታትመው ይወጣሉ፤ ምክንያቱም ኢሜጅማጂክ በራሱ የሚመርጠው ፎንት የእኛን ፊደል አያውቅም። የግድ ፎንቱን ንገሩት፤ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ ሊኑክስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ። የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ላይ አማርኛ መጻፍ ራሱ ስለሚያስቸግር ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፤ ስማችሁን በምትችሉት ፕሮግራም ጻፉ፣ ከጀርባው ምንም ቀለም ሳይኖር ፒኤንጂ አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ስሙንም «ማርክ» በሉት። አውት ውስጥ ገብታችሁ፣ ማርክን ከአውት ውጪ «ሥራ» ላይ ትታችሁ፣ «ፋይናል» የሚል ፎልደር ፍጠሩ። ሊኑክስና ማክ ላይ፦

ፎር ኤፍ ኢን *.ጄፒጂ; ዱ ማጂክ "$ኤፍ" ../ማርክ.ፒኤንጂ -ግራቪቲ ሳውዝኢስት -ጂኦሜትሪ +40+40 -ኮምፖዚት "ፋይናል/$ኤፍ"; ደን

መጨረሻ ላይ ያለው ደን ዲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኢ ነው፤ ኤፍ ደግሞ አንዲት ፊደል ብቻ። ሳውዝኢስት ቀኝ ታችኛው ጥግ ነው፤ 40ዎቹ ከጠርዙ የሚርቅበት ፒክስል። ዊንዶውስ ላይ መክፈቻው «ፎር %ኤፍ ኢን (*.ጄፒጂ) ዱ» ይሆናል፣ «$ኤፍ» ባለበት ሁሉ «%ኤፍ» ይገባል፣ ስላሾቹ ወደ ግራ ያጋደሉት ይሆናሉ፣ ደን እና ሁለቱ «;» ምልክቶች አያስፈልጉም።

ለዲቪ ፎቶ

ኢንተርኔት ቤት ወይም ፎቶ ቤት ላላችሁ። የዲቪ ፎቶ ካሬ፣ 600 በ600 ፒክስል፣ ጄፔግ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። የአንድ ቀን 60 ሰው ፎቶ እንዲህ ይዘጋጃል፦

ማጂክ ሞግሪፋይ -ፓዝ ዲቪ -ኦቶ-ኦሪየንት -ሪሳይዝ "600ኤክስ600^" -ግራቪቲ ሴንተር -ኤክስተንት 600ኤክስ600 -ዲፋይን ጄፔግ:ኤክስተንት=230ኬቢ *.ጄፒጂ

ዲቪ የሚለውን ፎልደር አስቀድማችሁ ፍጠሩ። ጄፔግ እዚህ ላይ ጄ፣ ፒ፣ ኢ፣ ጂ ነው፤ ኢ አላት። ቁንጮ ያላት ምልክት «ሳጥኑ እስኪሞላ አሳንስ» ትላለች፣ ኤክስተንት የተረፈውን ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ ያለችው ቃል ደግሞ ፋይሉ ከ230 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ጥራቱን ራሷ ታመጣጥናለች። ግን አደራ፣ በዚህ ላይ ማሽኑን ብቻ አትመኑ። ጭንቅላቱ ከአገጭ እስከ አናት የፎቶውን ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት፤ የቁም ፎቶ ከመሃል ሲቆረጥ የሰው ፀጉር ሊገመስ ይችላል። እያንዳንዱን በዓይናችሁ እዩ። የሰው ዕድል ነው በእጃችሁ ያለው።

ማስመረጫ ገጽ

አልበም የሚመርጡ እናቶች 1,140 ፎቶ አንድ በአንድ ማየት ይደክማቸዋል። አውት ውስጥ ሆናችሁ፦

ማጂክ ሞንታዥ -ሌብል "%ኤፍ" "*.ጄፒጂ[200ኤክስ200]" -ታይል 6ኤክስ5 -ጂኦሜትሪ +4+4 ገጽ.ጄፒጂ

ሞንታዥ ኤም፣ ኦ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ ነው። ሠላሳ ሠላሳ ፎቶ በአንድ ገጽ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የፋይሉ ስም ተጽፎበት ይወጣል። በቅንፉ ውስጥ ያለው መጠን ፎቶዎቹን ገና ሲከፍታቸው ስለሚያሳንስ ራሙ አይጨናነቅም። የመጨረሻውን ፋይል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንደፈለጋችሁ በሉት።

እኔም እነዚህን ገጾች ነው መጀመሪያ በቴሌግራም የላክኋቸው። ዋሺንግተን ያለችው አክስቴ በሁለተኛው ቀን ደወለች፤ ሙሽራዋ ጉልበት ስማ ስትነሳ የሚያሳየውን ለሳሎን ግድግዳ በትልቁ ማሳተም ፈልጋለች። ስሙን ከሥሩ አንብባ ነገረችኝ፦ 20250126_151042። «ሥራ» ፎልደር ውስጥ በዚያው ስም፣ ምንም ያልተቀነሰለት፣ ባለ 9 ሜጋባይቱ ቁጭ ብሎ ነበር፤ እሷ ስልኩን ሳትዘጋ ላክሁላት።